ጭነትና ጎታች፤ ከእንጦጦ አቀበት የሚገኝ ትምህርት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ መንገደኛ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ሲያይ ኖሯል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል። ከዚያው ሰንሰለት በስተምዕራብ ባለው ትከሻ ደግሞ ተሳቢ ያስከተሉ ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም ይወጣሉ። ሁለቱ ትዕይንቶች በመልክ የማይገናኙ ቢሆኑም ጥያቄአቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ሸክሙ ለተሸካሚው፣ ጭነቱም ለጎታቹ ተመዝኖ ተሰጥቷልን? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በአገራችን ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተነሣና እንዴት እንደተመለሰ፣ ዛሬም ለከባድ መኪናው ተሳቢ የሚመርጥ ሰው ከዚያ ምን ሊማር እንደሚችል በአጭሩ ይመረምራል።

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት ያውቀው ነበር። አጋሰሱን ሲጭን ግራውን ከቀኙ ያመዛዝናል፤ ሩቅ አገር ከሆነ ይቀንሳል፤ ዳገት ከበዛበት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ይህን ያልጠበቀ ጫኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ገጣባ በቅሎ እየጎተተ መሄድ ዕጣው ነው። በዚያ ዘመን ትርፍ ጭነት የሚያስከፍለው ዋጋ በእንስሳው ጀርባ ላይ በግልጥ ይነበብ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱን ማንም ሊሸሽገው አይችልም ነበር።

ከዚህ ልማድ በእጅጉ የላቀ ጭነት በአገራችን የታየው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በጋፋት በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን መድፍ በሠረገላ ላይ አስጭነው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ መቅደላ ያደረሱትም ግማሽ ዓመት ያህል ከተጓዙ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለውን ክብደት ሊያሳልፍ የሚችል መንገድ ስላልነበረ፣ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ቋጥኝ እየተፈነቀለና ገደል እየተናደ መንገዱ አብሮ ይሠራ ነበር። ጎታቹ የሰው ክንድ ነበር። ዳገቱን ለመውጣት ከሚጠይቀው ጉልበት ይልቅ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሠረገላውን ለመያዝ የሚጠይቀው እንዳያንስ፣ ከባድ ዕቃ ያጓጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራው የጽናት ምስክር መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ጭነት ከመንገዱና ከጎታቹ አስቀድሞ ሲወሰን የሚከፈለውን ዋጋም ያሳያል። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ምኒልክ በእንጦጦ የገጠማቸው ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ቢደፉም፣ ከዚያ ሦስት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውሃው አካባቢ መውረድ ጀምሮ ነበር። ተራራው ለጥበቃ ቢመችም፣ ብርዱ ብርቱ ነበር፤ የአንድ ትልቅ ሰፈር እህልና ማገዶ ሁሉ በሰውና በእንስሳ ጀርባ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። እንግዲህ ጎታቹን ማጠንከር ባይቻል ከተማውን ወደ ጭነቱ ማውረድ ተቻለ። በአዲስ አበባም እንጨት እየራቀ በሄደ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በከተማው ዙሪያና በእንጦጦ ላይ እየተተከለ ማገዶውን ወደ ከተማው አቀረበው። ከሁለቱ ውሳኔዎች የምንማረው፣ የጭነትን ችግር ለመፍታት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ርቀቱና አቀበቱ መሆኑን ነው። ነገር ግን ደኑ ተራራው ላይ፣ ገበያው ከታች ሆኖ ስለ ቀረ፣ በመካከሉ ያለውን መንገድ ከአህያው ጋር ሴቶች በጀርባቸው ሞሉት። ይህ ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ሞተር ወደ አገራችን የገባው በዚሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ የምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከተማው ደረሰ። ተሳቢ የሚጎትቱ የናፍጣ መኪናዎች በብዛት የታዩት ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፊያት 634 ጉልበቱ ከ75 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682፣ በተለይም ኤን ትሬ የሚባለው ዓይነት፣ ለብዙ ዓመታት የአገር አቋራጭ ጭነት ዋና መኪና ሆኖ አገልግሏል።

በሌላው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 ፍሩሃፍ የተባለ የዲትሮይት አንጥረኛ፣ ጀልባ ለማጓጓዝ ለአንድ ደንበኛው የፎርድ አውቶሞቢል የሚጎትተው ጋሪ ሠራ። የጋሪው ፊት በመኪናው ጀርባ ላይ የሚያርፍ ነበር። ዛሬ ከፊል ተሳቢ የምንለው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ አድጎ የመጣ ነው። ማጋጠሚያው አምስተኛ ጎማ መባሉ፣ በፈረስ ሠረገላ ፊት እንደ አግዳሚ ጎማ ተጋድሞ ከሚዞረው ክብ ብረት የተወረሰ ስም ነው። በራሱ ጎማዎች ላይ ቆሞ በዘንግ ብቻ የሚሳብ ሙሉ ተሳቢ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ ከፊል ተሳቢ ግን የክብደቱን አንድ ክፍል በጎታቹ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ከፊል ተሳቢ የሚመርጥ ሰው መኪናው ምን ያህል እንደሚጎትት ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚሸከምም መጠየቅ ይገባዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። ፋብሪካው ለመኪናውና ለተሳቢው በአንድነት የፈቀደው ክብደት 36 ቶን ነው እንበል። መኪናው ከነነዳጁና ከነሾፌሩ 8 ቶን ቢመዝን ለተሳቢው 28 ቶን ይቀራል፤ ባዶ ተሳቢው 7 ቶን ከሆነ ዕቃው ከ21 ቶን ማለፍ የለበትም። ከተሳቢው ክብደት ሩብ፣ ማለትም 7 ቶን፣ በመኪናው ላይ ቢያርፍ መኪናው 15 ቶን ሆነ ማለት ነው። የመኪናው የኋላ አክሰል ይህን እንዲሸከም ካልተፈቀደለት፣ ሞተሩ ምንም ብርቱ ቢሆን ያ ተሳቢ ለዚያ መኪና ትልቅ ነው። የተሳቢ ርዝመትም ቢሆን ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ለጥጥ የሚያንሰው ተሳቢ ለሲሚንቶ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ላይ እንጦጦ የራሱን ቀረጥ ይጨምራል። በደኅና አስፋልት ሜዳ ላይ 30 ቶን ለመሳብ 300 ኪሎ ግራም ያህል የጉተታ ኃይል ይበቃል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ አቀበት ላይ ግን ተጨማሪ 2,400 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል፤ ድካሙ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ አየር የሚያጭቅ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። ስለዚህ በባሕር ወለል አገር ለተጻፈ የጉልበት ቁጥር ብቻ የተገዛ ተሳቢ፣ እንጦጦ ላይ ሲደርስ መኪናውን ያሳፍረዋል።

ከአቀበቱ ይልቅ ሕይወት የሚቀጥፈው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚሄድ መኪና ከጎሐ ጽዮን በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በዚያ ርቀት ጭነቱ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬኑ ከጋለ በኋላ የሾፌሩ ብልሃት አይረዳም፤ ስለዚህ የተሳቢው መጠን መመረጥ ያለበት መኪናው ሊያወጣው በሚችለው ብቻ ሳይሆን ሊያቆመው በሚችለው መሆን አለበት።

መንገዱም እንደ አጋሰሱ ጀርባ ይገጣል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ፣ አንድ አክሰል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። በዚህ መሠረት አክሰሉን በ20 በመቶ ያስበለጠ ጫኝ ጉዳቱን በእጥፍ ያህል ያበዛዋል። የአገራችን ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረት የመሐንዲስም ሕግ ነው፤ ያው ጭነት በብዙ አክሰሎች ሲከፋፈል መንገዱ ይድናልና።

የሆነ ሆኖ፣ ዛሬም ተሳቢ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በባለ ንብረቱ ኪስና በጭነቱ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱን ሾፌሩ፣ መንገዱና መንገደኛው ይከፍሉታል። በእንጦጦ ቁልቁለት ጭራሮ የተሸከመች እናት ሸክሟን የመረጠላት ችግሯ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ብትሸከም ልጆቿ ጦማቸውን ሊያድሩ ይችላሉ። ተሳቢ የሚገዛ ሰው ግን ምርጫ አለው። ምርጫ ያለው ሰው ሳይመዝን ቢጭን፣ ጥፋቱ በዳገቱ ሊሳበብ አይችልም።