የቼቪ ቼዝ ቤት ለምን ተወደደ?

ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት ሰፈሮች ቤታቸውም ኪራያቸውም ለምን እንዲህ ሰማይ ነካ?» የሚል። የተለመደው መልስ «ሀብታም ስለሚኖርበት ነዋ!» ነው። ታሪኩን ከሥሩ ስታዩት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰፈሩ መጀመሪያውኑ ውድ እንዲሆን ተወስኖ፣ ዋጋው ውል ላይ ሰፍሮ፣ ሀብታሙ ከዚያ በኋላ ነው የገባው።

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዲሲ መሐል በኮነቲከት ጎዳና ወደ ሰሜን ስትነዱ የሜሪላንድ ድንበር ላይ አንድ አደባባይ ታገኛላችሁ። ከአደባባዩ ማዶ ቼቪ ቼዝ ይጀምራል። ዛፉ ያማረ፣ ግቢው ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ዛሬ እዚያ ደህና ቤት ልግዛ ያለ ሰው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ መምጣት አለበት።

ይህ ሁሉ በ1880ዎቹ የእርሻ መሬት ነበር። ፍራንሲስ ኒውላንድስ የሚባል ሰው መጣ። የአማቱ ሀብት ከኔቫዳ የብር ማዕድን የተገኘ ነው፤ እሱ ራሱም በኋላ የኔቫዳ ሴናተር ሆኗል። ይህ ሰው ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በሌሎች ሰዎች ስም፣ ገበሬው ነቅቶ ዋጋ እንዳይጨምር በምስጢር፣ መሬቱን ቁራጭ በቁራጭ ገዛ። በጠቅላላው ከ1,700 ኤከር በላይ። በ1890 የቼቪ ቼዝ ላንድ ኩባንያ ተመሠረተ። ኩባንያው ጎዳናውን ዘረጋ፣ ድልድይ ሠራ፣ የኤሌክትሪክ የጎዳና ባቡርም አስገባ። ያኔ መኪና የለም፤ ባቡር ከሌለ ከከተማው ወጥቶ የሚኖር ሰው አይገኝም። ልብ በሉ፣ ሰፈሩ የተወለደው በሕዝብ ማመላለሻ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደረስን። ኩባንያው ቦታ ሲሸጥ ውሉ ውስጥ ግዴታ አስገባ። በኮነቲከት ጎዳና ላይ የሚሠራ ቤት ከ5,000 ዶላር በታች እንዳይሆን፤ በውስጥ መንገዶቹ ደግሞ ከ3,000 ዶላር በታች እንዳይሆን። ቤቱ ከመንገዱ ይህን ያህል ጫማ ይራቅ፣ ሱቅ አይከፈት፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት አይሠራ። ያኔ 5,000 ዶላር ስንት ነው ብትሉኝ፣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በአማካይ በዓመት 500 ዶላር እንኳ የማያገኝበት ዘመን ነበር። ሳይበላ ሳይጠጣ ከ10 ዓመት በላይ ደመወዙን ማለት ነው!

በመጀመሪያዎቹ የኩባንያው ውሎች ላይ ስለ ዘር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ምክንያቱ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ኒውላንድስ በ1912 ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸው እንዲነጠቅ በይፋ የጠየቀ ሰው ነው። ውሉ ላይ መጻፍ ያላስፈለገው ዋጋው ያንኑ ሥራ ስለሚሠራለት ነው። ምግብ አብሳይዋና ልብስ አጣቢዋ ጠዋት በባቡር ትመጣለች፣ ማታ በባቡር ትመለሳለች። አለቀ።

ዋጋው ያልከለከለው ሰው ሲመጣስ? እሱም ሆኗል። ኩባንያው ከሸጠው መሬት ላይ ቤልሞንት የሚባለው ክፍል በኋላ ጥቁር ባለሀብት እጅ ገባና ቦታዎቹን ለጥቁር ገዢዎች መሸጥ ተጀመረ። በ1909 ጎረቤቶቹ ተንጫጩ፣ ኩባንያውም ፍርድ ቤት ሄደ። ሰፈሩ እንደታሰበው ሳይሠራ ቀረ። ገንዘቡ ቢኖራቸውም አልተፈቀደላቸውም።

ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ የሆነውን ባጭሩ ላስቀምጠው። በ1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ከተማ በሕግ ሰፈርን በዘር መከፋፈል አይችልም» አለ። ጥሩ ነው። ሰዉ ወደ ግል ውል ዞረ፤ «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ በየውሉ ገባ። በ1926 ፍርድ ቤቱ ከዚሁ ከዲሲ በመጣ ክስ ላይ እንዲህ ያለውን የግል ውል አለፈው። በዚያው ዓመት በሌላ ክስ ደግሞ ዞኒንግ የሚባለውን የመሬት አጠቃቀም ሕግ አጸደቀ። በዚህኛው ውሳኔ ላይ አፓርታማን ከመኖሪያ ቤቶች አጠገብ እንደሚጠጋ ጥገኛ ተባይ አድርገው ነው የገለጹት። አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቼቪ ቼዝ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ1928 የራሱን ዞኒንግ አወጣ። ከዚህ ሥራ ጀርባ ከነበሩት ኃያላን አንዱ ብሩክ ሊ የተባለው ፖለቲከኛ ነው። ሰውየው ቤት ሠሪና መሬት ሻጭም ነበር። የሚሸጣቸው ቦታዎች ላይ ጥቁሮችን የሚከለክል አንቀጽ ያስገባ ነበር። የት ነው የሚሸጠው? ሲልቨር ስፕሪንግ! አዎ፣ ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ምግብ ቤቶችና የእንጀራ መደብሮች ያሉበት፣ ግማሻችሁ የምትኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ። በስሙ የተሰየመ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ነበረ። በ2021 ስሙ ተነስቶ ኦዴሳ ሻነን በተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ተተካ። ወይዘሮ ሻነን የካውንቲው የትምህርት ቦርድ አባል ሆነው የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዘር አንቀጾቹን ፍርድ ቤት ሊያስፈጽማቸው አይችልም አለ። በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ ዘር መለየት በፌዴራል ሕግ ተከለከለ። የዘሩ አጥር በሕግ ፈረሰ። የዋጋው አጥር ግን አልተነካም። ኒውላንድስ ውል ላይ የጻፈው ግዴታ መልኩን ቀይሮ ሕግ ሆኖ ቀጠለ። «እዚህ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ ይሠራ፤ ቦታው ደግሞ ቢያንስ 6,000 ካሬ ጫማ ይሁን» ሲባል ማንም በዘር ተከለከልኩ ብሎ መክሰስ አይችልም። መሬቱ ውድ ነው፤ ውዱን መሬት ለአራት ቤተሰብ ማካፈል አልተፈቀደም፤ ስለዚህ ሙሉውን ዋጋ አንዱ ቤተሰብ ይከፍላል። በዚያ ላይ ልጅ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚወሰነው በመኖሪያ አድራሻ ነው። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ትምህርት ቤቱንም አብሮ እየገዛ ነው። ዋጋው ለምን አይወጣ?

ባቡሩን አልረሳሁትም። የቼቪ ቼዝ የጎዳና ባቡር በ1935 ቀረ። ዘመን አልፎ ካውንቲውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ የፐርፕል መስመር ባቡር ሲታቀድ፣ ለዓመታት አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የቼቪ ቼዝ ከተማ አስተዳደር ነበር። ባቡር የወለደው ሰፈር ባቡር አይምጣብኝ አለ። ግንባታው በ2017 ተጀመረ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ፈረንጅን ለማማት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ሁለት ሥራ ትሠራላችሁ። ቀን አረጋውያን ትንከባከባላችሁ፣ ማታ ኡበር ትነዳላችሁ። የምትንከባከቧቸው አዛውንት እዚያ ሰፈር ናቸው፤ እናንተ ግን ኪራዩ ሲገፋችሁ ወደ ጀርመንታውን፣ አልፎም ወደ ፍሬድሪክ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በስልክ «መምህር፣ እኔ ሰነፍ ነኝ መሰለኝ፣ አሥር ዓመት ሠርቼ ቤት አልገዛሁም» ትሉኛላችሁ። ይህን ስሰማ ነው ሆዴ የሚባባው። ሰነፍ አይደላችሁም። ከመቶ ዓመት በፊት የደመወዝተኛ አቅም እንዳይደርስበት ተለክቶ የተሠራ አጥር ፊት ቆማችሁ ነው።

ሰው የሠራውን አጥር ደግሞ ሰው ቀዳዳ ያበጅለታል። ይኸው ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1974 በአሜሪካ ቀደምት የሆነ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። 50 ቤትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ድርጅት ከመቶ 15ቱን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚሆን ዋጋ እንዲያቀርብ አስገደደ። ዛሬ ኤምፒዲዩ የሚባለው ፕሮግራም ይህ ነው። ጉድለት ነበረበት፤ መጀመሪያ ላይ የዋጋ ቁጥጥሩ የሚቆየው 5 ዓመት ብቻ ስለነበር ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ገበያ ዋጋ ገብተው ጠፉ። በ2005 ለሚሸጡት ወደ 30 ዓመት ከፍ ተደረገ። በ2023 ደግሞ ካውንቲው የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ። አዳዲስ ሕንፃዎች ነፃ ናቸው፤ የእናንተ ሕንፃ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ መምህር ነኝና ልማዴ ነው። አንደኛ፣ በቅርብ ዓመታት የራሳችሁ ቤት ያልነበራችሁና ገቢያችሁ ከጣሪያው በታች የሆነ፣ ኤምፒዲዩ ምን እንደሚጠይቅ ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አንብቡ። ሁለተኛ፣ የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፤ መቶኛውን አስሉ። ሦስተኛ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ስለ ዞኒንግ ሕዝብ ሲጠራ ሂዱና ተናገሩ። አጥሩ እንዳለ እንዲቆይ የሚፈልጉት ሰዎች ስብሰባ አይቀሩም፤ የኛ ሰው ግን ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ቢያንስ በጽሑፍ መላክ ይቻላል።

እናንተ ባላችሁበት ከተማስ ነገሩ እንዴት ነው? ቨርጂኒያ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ኤምፒዲዩ ቤት የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ሂደቱን ከታች አስረዱልን፤ ለሌላው መንገድ ይሆናል።

ደህና ዋሉልኝ።