ቄሱና ቀጣፊው

መቼም አጭበርባሪ ሲባል ቶሎ የሚታየን ኪስ የሚዳብስ ወይም የሐሰት ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ነው። የጦር ሠራዊት ቄስ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የሆነው በ1700ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ከደቡብ ፈረንሳይ የወጣ፣ ላቲን አሳምሮ የሚያውቅ አንድ ሥራ ፈት ወጣት ነበር። መጀመሪያ አየርላንዳዊ ተሳላሚ ነኝ እያለ ለመነ። አየርላንድን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲበዛበት ጃፓናዊ ነኝ አለ፤ ፊደልና ቋንቋም ፈጠረ። ሆላንድ ውስጥ ስሉይስ ላይ ወታደር ሆኖ ሳለ ስኮትላንዳዊው ቄስ ዊሊያም ኢነስ አገኘው። ኢነስ ሞኝ አልነበረም። ከኪኬሮ ጽሑፍ አንድ ቁራጭ ሰጥቶ በአገሩ ቋንቋ አስተረጎመው፤ ቆየት ብሎ ሰበብ ፈልጎ ያንኑ ደግሞ አስተረጎመው። ሁለቱ ትርጉሞች ከግማሽ በላይ አይገናኙም!

እዚህ ላይ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ምን ያደርጋል? ኢነስ ወደፊት ተጠንቀቅ ብሎ መከረውና አጠመቀው። ልጁ እኮ በካቶሊክ ወግ ያደገ ክርስቲያን ነው። ጥምቀት አንዲት ናት የሚለውን ቄሱ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ አንድ «አረማዊ» መልሶ ለጳጳስ ማቅረብ ሹመት እንደሚያስገኝ ስለሚያውቅ ነው። የከተማው ገዢ ጆርጅ ላውደር የክርስትና አባት ሆነና ልጁ ጆርጅ ሳልማናዛር ተባለ።

በ1703 ለንደን ሲገቡ አገሩ ፎርሞሳ ሆኗል፤ ማለትም የዛሬዋ ታይዋን። ኢየሱሳውያን ከአገሬ ሰርቀው አመጡኝ፣ ካቶሊክ ሁን ቢሉኝ እምቢ አልኩ ይላል። ፕሮቴስታንቷ ለንደን ከዚህ የሚጣፍጥ ወሬ ከየት ታገኛለች? ማስረጃው ደግሞ ጥሬ ሥጋ በቅመም መብላቱ ነበር፤ ለእኛ አገር ሰው ማስረጃነቱ ብዙም አያሳምንም። በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ፎርሞሳ ውስጥ በየዓመቱ 18,000 ወንዶች ልጆች ይሠዋሉ አለ። ታዲያ ደሴቲቱ እንዴት ሰው አላለቀባትም ሲሉት ብዙ ሚስት ስለምናገባ ነው አለ እንጂ አንድ ልጅ አልቀነሰም። አንዴ ከአፉ የወጣውን አለማጠፍ ደንቡ ነበር። ቻይና ኖሮ የመጣው ኢየሱሳዊ አባ ፎንታኔ ፊት ለፊት ቢሞግተውም ሰሚ አላገኘም፤ እውነቱን የያዘው የሚጠሉት ሰው ነበራ።

ኢነስ የፈለገውን አገኘ፤ ፖርቱጋል ለሚዘምተው የእንግሊዝ ጦር ዋና ቄስ ሆኖ ተሾመና ልጁን ጥሎት ሄደ።

ሳልማናዛር ግን በጎልማሳነቱ ከሕመም በኋላ የምሩን ጸሎተኛ ሆነ። በዚህኛው መመለስ የክርስትና አባት አልቆመለትም፣ ሹመት ያገኘም የለም። ለአሳታሚዎች በጽሑፍ ሥራ እየደከመ ኖረ፤ በ1747 ስለ ፎርሞሳ የጻፈው ሁሉ ፈጠራ እንደነበር በኅትመት አመነ። በሰው ላይ ምላሱ የማይራራው ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ያከብረው ነበር። በ1763 ሲሞት የተገኘው ኑዛዜው በርካሹ መንገድ፣ ያለ ሣጥን፣ ከድሆች መሐል ቅበሩኝ ይላል። በዚያ ኑዛዜ ላይ ሳልማናዛር የተውሶ ስሙ መሆኑን ጽፏል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ግን እዚያም አልነገረንም።