የረሃብ ክረምት ልጆች

በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት ያማራትን ሳታገኝ ከቀረች የአምሮቷ ምልክት በልጁ ገላ ላይ ይወጣል ይባላል። ጎረቤት ወጥ ሲሠራ «ሽታው ደርሷታልና አቅምሷት» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሐኪሞች የቆዳውን ምልክት ከአምሮት ጋር አያገናኙትም። ይሁን እንጂ እናት በእርግዝናዋ ወራት ያጣችው ምግብ በልጇ ላይ ምልክት እንደሚተው በጥናት ተደርሶበታል። ምልክቱ ግን በቆዳ ላይ አይታይም፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ሊገለጥም ይችላል። ይህ ጎልቶ የታየው ደግሞ ጠግባ ታድር በነበረች አገር ላይ ድንገት ከወረደ ረሃብ በኋላ ነው። አገሪቱ ሆላንድ ናት።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1944 ነው። የተባበሩት ኃይሎች በአርንሄም በኩል የራይንን ወንዝ ለመሻገር ሲዘምቱ፣ በለንደን በስደት ላይ የነበረው የሆላንድ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አደረገ። ባቡሩ ቆመ፤ ዘመቻው ግን ከሸፈ። አገሪቱን የያዙት ጀርመኖችም አድማውን ለመበቀል ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይጓጓዝ ከለከሉ። በኖቬምበር መጀመሪያ በውኃ መንገድ እንዲገባ ቢፈቅዱም፣ ብርዱ ያለ ወትሮው በርትቶ ቦዮቹ ወደ በረዶነት ተለወጡ፤ ጀልባም መንቀሳቀስ አልቻለ።

በአምስተርዳም ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ በኖቬምበር መጨረሻ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ ደግሞ ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ብቻ ሆነ። ሰዉ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ። ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ምግብ ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ ረሃቡ ሲጠና እርሱም ቀረ። 20,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ሜይ 5 ቀን 1945 ነጻነት መጣ፤ በጁንም ዕለታዊው ድርሻ ከ2000 ካሎሪ አለፈ። ሆላንዳውያን ያንን ወቅት እስከ ዛሬ «የረሃብ ክረምት» ይሉታል።

በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ሴቶች ያረግዙ፣ ይወልዱም ነበር። በአምስተርዳሙ የዊልሄልሚና ጋስትሃውስ ሆስፒታል የሚሠሩ አዋላጆችና ሐኪሞች የእናቲቱን ክብደት፣ የሕፃኑን ክብደትና ቁመት፣ የእንግዴ ልጁን ሳይቀር እየመዘኑ መጻፋቸውን አላቋረጡም። መዝገቡም ሳይጠፋ ተቀመጠ። ከኖቬምበር 1943 እስከ ፌብሩዋሪ 1947 በዚያ ሆስፒታል የተወለዱ የ2414 ሕፃናት ታሪክ በኋላ ለተመራማሪዎች የተገኘው ከዚህ የተነሳ ነው። ከረሃቡ በፊት፣ በረሃቡ ጊዜና ከረሃቡ በኋላ የተረገዙትን ጎን ለጎን ማስተያየትም ተቻለ።

በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ረሃብ ያገኛቸው ሕፃናት ቀጭን ሆነው ተወለዱ፤ ይህስ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው የሌሎቹ ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተርበው ኋላ ምግብ የደረሰላቸው ሕፃናት ሲወለዱ ሚዛን የሚያነሱ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ነበሩ። «ምንም አልነካቸውም» ቢባል ማንም አያስተባብልም ነበር። ሆኖም በ1976 ለውትድርና የተመረመሩ የ300,000 ወጣቶች መዝገብ ሲታይ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ እኩሌታ ረሃብ ካገኛቸው መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት በርክተው ተገኙ። የሆስፒታሉ ልጆች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተራቡት ላይ የልብ በሽታ በዛ። ከአጋማሹ ወዲህ የተራቡት ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር መቆጣጠር አቃታቸው። ረሃቡ በጠናበት ወቅት በተጸነሱት ዘንድም ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም እጥፍ ያህል ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ፣ ኩላሊትና ቆሽት የሚሠሩት በማኅፀን ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የጎደለውን ኋላ የመጣ ጥጋብ መልሶ አይሞላውም። በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ረሃቡ በነበረበት ወቅት የተጸነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላም እድገትን በሚመራ አንድ ጂን ላይ የሚቀመጠው ኬሚካላዊ ምልክት ረሃብ ካላያቸው ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ነበር። ጂኑ ራሱ አልተለወጠም፤ የሚከፈትና የሚዘጋበት ሥርዓት እንጂ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በጀርመኖች ተከባ በተራበችው በሌኒንግራድ የተወለዱ ሰዎች በ1997 በወጣ ጥናት ሲታዩ፣ በማኅፀን መራብና የስኳር ሕመም አልተያያዙም። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሰጡት ምክንያት የሚያሳምን ይመስላል፦ ሌኒንግራድ ከከበባው በኋላም ቶሎ አልጠገበችም፤ ሆላንድ ግን ወዲያው ጠገበች። ለክፉ ቀን የተሰናዳ ገላ ደጉ ቀን ሲመጣበት ተቸገረ ማለት ነው። ደግሞም የተባለው ሁሉ የብዙ ሰው ቁጥር እንጂ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። የሆላንድ ወጣቶች የአእምሮ ችሎታ በምርመራው ቀንሶ አልተገኘም።

ይህን አንብቦ ጣቱን ወደ እናት የሚቀስር ሰው ታሪኩን አልተረዳም። የአምስተርዳም ሴቶች ምግብ ያጡት በእገዳና በጦርነት እንጂ በቸልተኝነት አልነበረም።

እኛም የ1977 ዓ.ም. ረሃብ አለን። በየመጠለያው ከነበሩት መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። የሞቱትን አለቀስንላቸው፤ የተረፉትን ተመስገን አልን። በማኅፀን የነበሩትን ግን አብዛኛዎቹን የመዘነ፣ የጻፈላቸውም የለም። ዛሬ አርባውን ያለፉ ጎልማሶች ናቸው። ደም ግፊት ወይም ስኳር ታሞ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው «ከቤተሰብ ይህ ሕመም ያለበት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። «እናትህ አንተን ባረገዘችበት ዓመት አገሩ እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄም ቢጨመርበት መልካም ነው።