የጠላት የዘር ሐረግ፦ ኦርክ በልቦለድና በኮምፒዩተር ጨዋታ

በልቦለድ ትንተና ስለ ዐቢይ ገጸ ባሕርይና ስለ ተቀናቃኙ ብዙ እንነጋገራለን። ከተቀናቃኙ ጀርባ በሺህ ተሰልፎ የሚመጣውን፣ ስም የሌለውን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካውን ፍጡር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ መቼቱ አካል ቆጥረን እናልፈዋለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ፍጡራን የአንዱን፣ በእንግሊዝኛ ‹‹ኦርክ›› የሚባለውን፣ ታሪክ ከጥንታዊ ግጥም እስከ ኮምፒዩተር ጨዋታ እከተላለሁ። ለማሳየት የምሞክረው ደራሲ ለጠላት የሚሰጠው የትውልድ ታሪክ ጌጥ ሳይሆን ፍርድ መሆኑን ነው። ጠላት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሲመለስ፣ እሱን መግደል በደል ነው ወይስ አይደለም የሚለውም አብሮ ይመለሳልና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦርክን ‹‹ጭራቅ›› ብሎ መተርጎም ይቀናል። ይሁን እንጂ የተረታችን ጭራቅ ሰው የሚበላ፣ በብልሃት የሚሸነፍ ፍጡር ነው፤ ተረቱም አባቱ ማን ነበር ብሎ አይጠይቅም። ኦርክ ግን ሠራዊት ነው። አለቃ፣ ቋንቋ፣ ስንቅና መሣሪያ አለው። ስለዚህ ስሙን እንዳለ መያዙን መርጫለሁ።

የስሙ ሥር ወደ 1000 ዓ.ም. ገደማ በተጻፈ ብራና በተገኘው ‹‹ቢዎልፍ›› በተሰኘው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ ይገኛል። ገጣሚው ግሬንደል የተባለውን ሰው በላ ከቃየል ዘር ይቆጥረዋል። ከቃየል የወጡትን ክፉ ፍጡራን ሲዘረዝርም ‹‹ኦርክ›› የሚለውን ሥር የያዘ ቃል ይጠቀማል፤ ከእግዚአብሔር ጋር የተዋጉ ረዓይትንም ያነሣል። እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚያውቀው ድምፅ ይሰማዋል። በመጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሰው ሴቶች ልጆች ረዓይትን ይወልዳሉ፤ ክፉዎች መናፍስትም ከረዓይቱ ሥጋ ይወጣሉ። መጽሐፉ በሙላት ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አሳተመ። አር. ኢ. ካስኪ በ1971 ባወጡት ጥናት በ‹‹ቢዎልፍ›› እና በሄኖክ መጽሐፍ መካከል ያለውን ዝምድና መርምረዋል። ለእኔ ከዝምድናው ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ የሁለቱ የጋራ ልማድ ነው፤ ሁለቱም አስፈሪውን ፍጡር ያለ ዘር ሐረግ አይተዉትም። ክፋቱ በአንድ ዘመን፣ በአንድ በደል ተጀምሯል።

ይህን ልማድ ወደ ዘመናዊው ልቦለድ ያሻገረው በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። ቶልኪን በ1936 ስለ ‹‹ቢዎልፍ›› ባደረገው ንግግር አስፈሪዎቹ ፍጡራን የግጥሙ ዳርቻ ሳይሆኑ ማእከሉ ናቸው ሲል ተከራክሯል። በ1954 እና በ1955 ባሳተመው ‹‹የቀለበቶቹ ጌታ›› ውስጥ ደግሞ ኦርክን የክፉው ኃይል ሠራዊት አደረገው። ይሁንና በፈጠረው ዓለም ሕግ ክፉ ማጣመም እንጂ መፍጠር አይችልም። እንግዲህ ኦርኮች ካልተፈጠሩ፣ ተጣምመው ነው የተገኙት ማለት ነው። ከማን? ቶልኪን በ1973 ካረፈ በኋላ ልጁ ክሪስቶፈር በ1977 ባሳተመው ‹‹ሲልማሪሊዮን›› የሚነበበው መልስ ተይዘውና ተሠቃይተው ከተበላሹ ኤልፎች የሚል ነው። በ1993 የታተሙት የኋለኛ ዘመን ጽሑፎቹ ግን ደራሲው በዚህ መልስ እንዳልረካ ያሳያሉ። ከሰው መጡ ማለትን ሞከረ፤ ነገር ግን በዘመን አቆጣጠሩ ኦርኮች ሰውን ይቀድማሉ። ነፍስ የሌላቸው እንስሳት ናቸው ማለትንም ሞከረ፤ ነገር ግን በልቦለዱ ይናገራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ እንዲያውም ሁለቱ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከጌቶቻቸው ርቀው መኖርን ይመኛሉ።

አንባቢ እንደሚገነዘበው ይህ የዘመን ስሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኦርክ የተሠቃየ ፍጡር ልጅ ከሆነ፣ በጦር ሜዳ የሚወድቀው ወንጀለኛም ተበዳይም ነው። ቶልኪን ጥያቄውን ሳይፈታው መሞቱን እንደ ድክመት አላየውም፤ ቢፈታው ኖሮ ሠራዊቱ ወይ አሻንጉሊት ወይ ሰው ይሆንበት ነበር።

ጨዋታ ግን እንዲህ ዓይነቱን ጥርጣሬ በቀላሉ አይታገሥም። በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 የወጣው ‹‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›› የተባለው የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ኦርክን ከቶልኪን ዓለም ነቅሎ ወሰደው። በ1977 በወጣው የፍጡራን መዝገቡ ኦርክ የቁጥር ዝርዝር ሆነ፤ ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ጠባዩ ክፉ። ክፋት በታሪክ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቁመት የሚመዘገብ ባሕርይ ሆነ። ሆኖም ያው መዝገብ በኦርኮች መኖሪያ ሴቶችና ልጆችም እንዳሉ ይገልጻል። ተጫዋቾችም ሲወዛገቡበት ኖረዋል፤ ተዋጊዎቹን የጨረሰ ጀግና ሕፃናቱን ምን ያድርጋቸው?

የኮምፒዩተር ጨዋታ መልሱን ያገኘው ባልታሰበ በኩል ነው። በ1994 ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ‹‹ዋርክራፍት›› ተጫዋቹ የሰዎችን ወይም የኦርኮችን ወገን መርጦ ይመራል። ሁለቱም ወገኖች እንዲመጣጠኑ ስለተፈለገ ኦርኩም እንደ ሰው ወርቅ ያወጣል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ሠራዊቱን የሚቀልብበት እርሻ ይሠራል። ታሪኩ ወራሪ ይለዋል፤ የጨዋታው ሕግ ግን ጎተራ ሰጠው። ጎተራ ያለው ደግሞ ማኅበረሰብ ነው። በ2002 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ይህን በትረካ አጸናው። ኦርኮች ወደ ክፋት የገቡት ማኖሮዝ የተባለ ጋኔን ደም በመጠጣታቸው ነው። መሪያቸው በሰዎች እጅ በባርነት ያደገው ስራል ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ባሪያ ማለት ነው። ግሮም ሄልስክሪም የተባለው የጦር አለቃ ጋኔኑን ገድሎ ወገኑን ነጻ ሲያወጣ ራሱም ይሞታል። ይሁን እንጂ አለቆቹ ደሙን የጠጡት ወደውና ፈቅደው እንደነበር ታሪኩ አይሸሽግም። እዚህ ላይ የትረካው ብልሃት ይታያል፤ ክፋቱ ተፈጥሮ ሳይሆን ድርጊት ሆነ። ድርጊት ደግሞ በፊትና በኋላ አለው፤ ጸጸትና ካሳም ይከተሉታል። ተፈጥሮ ከሆነ ግን የሚቀረው የሬሳ ቆጠራ ብቻ ነው።

የጠረጴዛው ጨዋታ አሳታሚም በ2020 የኦርክን አቀራረብ እንደሚያሻሽል አስታወቀ፤ በ2024 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፉ ኦርክ ተጫዋች ሊሆነው ከሚችላቸው ዝርያዎች አንዱ ሆኗል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጨዋታ ነው ለሚል አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። በእኛም አገር ክፋት በደም ይወረሳል የሚለው ታሪክ በምናብ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ‹‹ቡዳ›› የሚለው ስም በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ተለጥፎ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሏል፤ በስሙም ሰዎች ተገልለዋል። የታሪኩ አሠራር ከ1977ቱ መዝገብ አይለይም፤ ዘር ተጠቀሰ፣ ጠባይ ተመዘገበ፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልነበረም። ስለዚህ በአማርኛ ምናባዊ ልቦለድም ሆነ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው ጅብ የሚሆን ጠላት ቢያስፈልገው፣ መልኩን ከመሣሉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢመልስ እመክራለሁ፤ ይህ ፍጡር ክፉ የሆነው በማን ድርጊት ነው? መልሱ ‹‹በዘሩ›› ከሆነ፣ ደራሲው አዲስ ዓለም አልፈጠረም፤ የቆየውን ፍርድ ብቻ ደገመው።