ያልገጠመው ቀለበት

ጀርመናዊው ተጓዥና የአዕዋፍ አጥኚ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቀው በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እስከ ጎንደር በመዝለቁ፣ ኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር በመገናኘቱ ነው። በ1870 እና በ1871 ግን ፊቱን ወደ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ መልሶ ስፒትስበርገንንና ኖቫያ ዜምልያን ጎበኘ። በሞተበት ዓመት በ1876 ሲጋል ከሚባሉት የባሕር ወፎች አንዱ በስሙ ተሰየመ። ይህ ወፍ በሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ ይፈለፈላል፤ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይወርዳል።

ይሁንና ራሱን የቻለ ዝርያ ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ሊቃውንትን ብዙ አከራክሯል። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ጠረፎች ሁለት ሲጋሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ጀርባው ግራጫ፣ እግሩ ሮዝማ ነው፤ ሌላው ጀርባው የጠቆረ፣ እግሩ ቢጫ። እርስ በርስ የሚዳቀሉት ከስንት አንዴ ነው። ኤርንስት ማየር በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሰንሰለት ጫፎች ናቸው አለ፤ ይኸውም በሰሜን አሜሪካና በሳይቤሪያ በኩል ዋልታውን ዞሮ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተዳቀለ መጥቶ፣ አውሮፓ ላይ ሲገናኝ ባዕድ የሆነ ሰንሰለት ነው። «የቀለበት ዝርያ» የተባለው ይህ ሐሳብ እጅግ ያማረ ነበርና ከስድሳ ዓመታት በላይ በመማሪያ መጻሕፍት እንደ ዋና ምሳሌ ሲጠቀስ ኖረ። ማማሩም ሳይጎዳው አልቀረም፤ የሚያምር ሥዕል ማን ይመረምራል?

በ2004 ዶሪት ሊበርስ፣ ፒተር ደ ክናይፍና አንድሪያስ ሄልቢግ ከወፎቹ የተወሰደውን ዲኤንኤ መርምረው ቀለበቱ እንዳልተዘጋ አሳዩ። የወፎቹ ምንጭ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ አንዱ በሰሜን አትላንቲክ፣ ሌላው በአራልና በካስፒያን ባሕሮች አካባቢ። የአሜሪካው ግራጫ ሲጋልም ማየር እንዳሰበው ውቅያኖሱን ተሻግሮ የአውሮፓውን አልወለደም።

ድቅሎቹ ግን እውን ናቸው። በአይስላንድ ግራጫው ሲጋል በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሰፍሮ፣ ክንፉ እስከ ጫፉ ድረስ ከነጣው የሰሜን ሲጋል ጋር ተዳቅሏል። ስለዚህ በዓሣ ወደቦች የሚቆም ተመልካች የክንፉን ጫፍ አይቶ ብቻ አይፈርድም፤ ጥቁሩ ከደበዘዘ የሁለቱን ወላጆች ምልክት ይፈልጋል።

የሆይግሊን ወፍም በዛሬ ዋና ዋና የአዕዋፍ መዝገቦች ለብቻው አልቆመም፤ ጀርባው የጠቆረው ሲጋል ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል።