የማቀዝቀዣ ውኃ መፍሰስና የሞተር መጋል፦ ለቆዩ ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የአካባቢው ሙቀት ከዳገቱ ጋር ሲደመር፣ ቢዮ አዋሌን ጨምሮ በገጠር ቀበሌዎች የሚንቀሳቀሱ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ሞተር በቀላሉ ሊግል ይችላል።

የብልሽቱ መለያ ምልክቶች፦
• የራዲያተር ውኃ በየጊዜው መቀነስ፤ ከጎማ ቱቦዎች፣ ከራዲያተሩ ወይም ከውኃ ፓምፑ ሥር እርጥበት ወይም ዝገት መታየት፤
• ፍሳሽ ሳይታይ ውኃው ከቀነሰ፣ ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከወጣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን መበላሸት ሊሆን ይችላል፤
• ውኃው ሳይጎድል የሚግል ከሆነ ቴርሞስታቱን፣ ቬንቲሌተሩንና ቺንጋውን ማስፈተሽ ይገባል።

ሞተሩ ሲግል ሊደረጉ የሚገቡ ጥንቃቄዎች፦
1. ተሽከርካሪውን ከመንገድ ዳር በማቆም ሞተሩን ማጥፋት፤
2. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አለመክፈት፤ በግፊት የሚወጣው የፈላ ውኃ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል፤
3. በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አለመጨመር፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ውኃ እየጨመሩ መጓዝ ጊዜያዊ ማስታገሻ እንጂ ጥገና አለመሆኑን በመገንዘብ፣ አሽከርካሪዎች ከጉዞ በፊት የውኃውን መጠን ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሁኔታ እንዲያረጋግጡና ፍሳሹን በባለሙያ እንዲያስጠግኑ ይመከራል።