የሁለት ጎረቤታሞች ማራቶን

ወደ ጅቡቲ ከተማ የወረደ መንገደኛ የሄሮንንና የወደቡን አካባቢ ሙቀት አይረሳውም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይህች አገር ነጻነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲሆን፥ ስሟን በዓለም የስፖርት መድረክ ካስጠሩት መካከል ቀዳሚው ሁሴን አህመድ ሳላህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሴን የተወለደው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ በምትገኘው በአሊ ሳቢየህ ነው። በ1976 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በማራቶን 20ኛ ሲወጣ፥ የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ 8ኛ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1977፥ በሂሮሺማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማራቶን ሁሴን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አንደኛ፥ ሮብሌ ሦስተኛ ወጡ። በቡድንም አሸናፊዋ ጅቡቲ ሆነች። ሁሴን ይህን ዋንጫ በ1979 በሴኡል ደገመው፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ በሮም የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አገኘ።

ለታሪክ ተማሪ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 በሆላንድ ከተማ በሮተርዳም የኢትዮጵያው በላይነህ ዴንሳሞና ሁሴን ተፋጠጡ። በላይነህ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገባ፤ ሁሴን በ17 ሰከንድ ተከተለው። የቀድሞው የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ስለነበረ፥ ሁለቱም ጎረቤታሞች በአንድ ቀን አሻሽለውታል ማለት ነው። ነገር ግን ክብረ ወሰን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዕድል ፊቷን አዞረች። የወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጎን በመቆም በሴኡል ኦሎምፒክ አልተካፈለም። ስለዚህ መስከረም 22 ቀን 1981 ማራቶኑ ሲጀመር የክብረ ወሰኑ ባለቤት በሰልፉ ላይ አልነበረም። ሁሴን ግን ነበረ። በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከፊት ሲመራ ቆይቶ፥ ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲንና ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ ቀደሙትና በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነ። ከአንደኛው የለየው 27 ሰከንድ ብቻ ነበር። እስከ 2016ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ጅቡቲ ያገኘችው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይኸው አንድ ነሐስ ነው።

የበላይነህ ክብረ ወሰን እስከ መስከረም 1991 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ጸና። ሁሴንም በ1983 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛውን ብር አግኝቶ፥ እስከ 1988ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ድረስ ሮጧል።

እንግዲህ የውጤት ሰንጠረዥ የሚነግረን የሮጡትን ብቻ ነው፤ እንዳይሮጡ የተደረጉትን አይነግረንም። በሴኡሉ ሰንጠረዥ ላይ የበላይነህ ስም የጠፋው በእግሩ ድካም ሳይሆን በመንግሥታት ውሳኔ ነው። ይህም ማለት የሁሴን ነሐስ ዋጋው ያንሳል ማለት አይደለም፤ በሮተርዳም ያሳየው ፍጥነት ለማንም የማያሳፍር ነውና። መምህራን ይህን ምሳሌ ይዘው ተማሪዎቻቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው፦ አንድን የታሪክ መዝገብ ስናነብ ማን ተመዘገበ ከማለት ቀጥሎ፥ ማን ቀረ፥ ስለ ምንስ ቀረ ብለን መጠየቅ አይገባንምን?